ያልተመረጠ እንጨት

«ከእንጨት መርጦ ለታቦት» ይላል የኛ ሰው፤
የተመረጠውን አወቅን፤ የቀረውን ማን አነሳው?

ከቮሩ ከተማ ወዲያ፣ ጥድ መንገዱን በሚውጥበት፣
ክረምት ማለት ዝናብ ሳይሆን ነጭ ዝምታ በሆነበት፣
አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ አለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣
ጥርሱን ሲያፏጭ ይውላል ከንጋት ጀምሮ።
ክቡን ግንድ ይቀበልና አራት ማዕዘን ያወጣል፤
ክብ የሆነው ነገር ሁሉ ከጎን ተልጦ ይወድቃል፤
አንድ ፊቱ ልስልስ ሳንቃ፣ አንድ ፊቱ ሻካራ ቅርፊት፣
ግማሽ ጣውላ፣ ግማሽ ዛፍ፣ የትም ያልደረሰ ፍጥረት።

ሄልዱር ግን ያውቀዋል። አርባ ዓመት ከመጋዙ ጋር ኖሯል፤
ሁለት ጣቱን እዚያው ትቶ፣ ጡረታውን ይዞ ወጥቷል።
«የዛፍ ዕድሜ» ይላል፣ «ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚጻፍ፤
መካከሉ ልጅነቱ ነው፣ ዳሩ የትናንት ምዕራፍ።
ልጅነቱን ወስደው ወለልና በር ይሠሩበታል፤
የመጨረሻ ዓመታቱን እኔ ልጫን፤ ይበቃኛል።»

በየሚያዝያው፣ በረዶው ላልቶ ጭቃው ጎማ ሲይዝ፣
ተሳቢ አስከትሎ ይወጣል፣ ትራክተሩ እያጓራ ሲጓዝ።
ድሮ በነፃ ነበር፤ «ውሰድልኝ፣ ግቢዬ ሞላ» ነበር ቃሉ፤
ዘንድሮ ፈጭቶ የሚጠፈጥፍ ፋብሪካ መጥቶ፣ ለትርፍራፊም ዋጋ አለ አሉ።
አርቪ፣ የባለቤቱ ልጅ፣ ጆሮ ግንዱን እያሸ፣
«ላንተስ በግማሽ» አለው፤ ዓይኑ ወደ መሬት ሸሸ።

እርጥብ ነው። ዛሬ ቢማገድ ያለቅሳል እንጂ አይነድም፤
ጥላሸቱ ጭስ ማውጫውን ሳይደፍነው አይቀርም።
ስለዚህ ይከመራል፣ ቅርፊቱ ወደ ላይ፣ ነፋስ በመሐሉ እንዲያልፍ፤
ሁለት በጋ ይጠብቃል፣ ቅሉ እስኪቀል፣ ውሃው እስኪረግፍ።
ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ
«ለከርሞ ነው?» ቢለው፣
«የለም፣ ለዚያ ወዲያ» አለ፣ ትንፋሹን አሳርፎ።

የደረቀው ሲነድማ! የበርቹ ቅርፊት እንደ ወረቀት ይያያዛል፤
የጥዱ ሙጫ ይንጣጣል፣ የምድጃውን በር ይደበድባል።
ቀጭን ነው፤ እንደ ሰፈር ወሬ ቶሎ ተቀጣጥሎ ቶሎ ያልቃል፤
ሌሊት የሚነሳ ሰው ይፈልጋል።

ታዲያ እስሩን ሲፈታ፣ መሐል ላይ፣ በቅርፊቶቹ ተጠልላ፣
አንዲት ሰፊ ሳንቃ አገኘ፣ ሰማያዊ ሻጋታ የጎበኛት ጣውላ።
የገዢ ዓይን ንቋት ይሆናል፤ እሱ በመዳፉ ዳሰሳት፣
ርዝመቷን በቁመቱ ለካ፤ ከጎተራው ግድግዳ አስደገፋት።
ሳልሜ በመስኮት አየችው። «ለምንህ ነች?» አላለችም፤
ሃምሳ ዓመት አብሮ የኖረን ሰው ዝምታ አያታልልም።

ከዓመታት በኋላ፣ በጥር፣ ብርዱ ሃያ ሰባት ከዜሮ በታች ሲል፣
ሽቦው በበረዶ ተበጠሰ፤ ጠፋ የኤሌክትሪክ ኃይል።
የደረቀው ክምር አልቆ፣ እርጥቡ በበረዶ ታጅቦ፣
ሄልዱር ሳሉን ታቅፎ ተኛ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደራርቦ።
እሷ ፋኖስ ይዛ ወጣች፣ በጉልበት ልክ በረዶ ገፍታ፣
ጎተራውን ከፍታ ገባች፣ መጋዝ ከሚስማር አንስታ።
አራት ቦታ ቆረጠቻት። ደረቅ ነበረች፣ እንደ ደወል፤
እስከ ጣሪያ የሚደርሰው ነጩ ምድጃ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።
ሌሊቱን ሙሉ ዋጣት፣ በዝግታ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያርስ፤
ጡቡም እንደ ከብት ጎን ሞቆ ጀመረ መተንፈስ።

ነጋ። ጭሱ ከጣሪያው በላይ እንደ ምሰሶ ቆመ፤
ሄልዱር ወደ ጎተራ ዘለቀ፤ ባዶውን ግድግዳ አይቶ ተገረመ።

«ሳንቃዬስ?»
«ነደደች።» ድንች እየላጠች ነው፤ ቀና አላለችም።
«ሌሊቱን እንዴት አደርክ?»
ሳሉን ደረቱ ውስጥ ፈለገው።
«... ሞቆኝ።»
«እንግዲያ ሌላ እስኪደርቅ ድረስ ቆይ» አለችው፤ «ሁለት በጋ ነው።»

ወጣ፤ ከእርጥቡ ክምር ላይ በረዶውን
ሁለት ጣት ባነሰው እጁ ጠረገው።